ለመውደቅ የቆመ ድንጋይ

በ1950ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት አንድ ያልተለመደ ሐሳብ ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዩታ ግዛት ምሥራቃዊ በረሃ፣ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን የቆመ ደሊኬት አርች የሚባል የድንጋይ ቅስት አለ። ቁመቱ 16 ሜትር ያህል ነው። ከሁለቱ እግሮቹ አንደኛው ወገቡ ላይ ክፉኛ ቀጥኗል፤ ያየው ሁሉ አንድ ቀን በዚያ በኩል እንደሚሰበር ይገባዋል። የፓርኩ ሰዎችም ገብቷቸው ነበር። ስለዚህ ቅስቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቀብቶ ውሃና ነፋስ እንዳይሸረሽሩት ማድረግ ይቻል እንደሆነ አጠኑ። ነገሩ በተግባር የማይሆን፣ ከፓርኮቹ መርህም ጋር የማይሄድ ሆኖ ስለተገኘ ቀረ።

ዛሬ ይህን የሚሰማ ሰው በሐሳቡ ይገረም ይሆናል። ያሰቡት ሰዎች ግን የሚወዱት ነገር በዓይናቸው እያየ ሊሄድባቸው ነውና የተቻላቸውን ለማድረግ የሞከሩ ናቸው። ጥያቄያቸው የሃይማኖት ሰዎችንም ፈላስፎችንም ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። አላፊ መሆኑ የታወቀን ውብ ነገር ሰው እንዴት ይውደደው? ማቆየት ነው ፍቅር፣ ወይስ ሲሄድ መልቀቅ? ጥያቄው በመጽሐፍና በስብከት ሲነሳ ረቂቅ ይመስላል። እዚያ በረሃ ውስጥ ግን ውሳኔ የሚጠይቅ፣ በጀት የሚያዝበት፣ ሰው የሚከሰስበት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ቅስቱን ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያድረው ሞዓብ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዎቿ 5,300 ገደማ ነበሩ። በቀይ ገደሎች መካከል፣ ኮሎራዶ ወንዝ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በዓመት የሚዘንብላት 230 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ ቀትር ሙቀቱ 38 ዲግሪ ቢደርስ የሚደነቅ የለም። ከከተማው ወደ ሰሜን 8 ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ቅስቱ ያለበት የአርችስ ብሔራዊ ፓርክ በር ይገኛል፤ በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ወንዞች የቦረቦሩት ሰፊው የካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ተዘርግቷል። የከተማው ዋና መንገድ ግራና ቀኙ ሞቴል፣ የብስክሌትና የጂፕ አከራይ፣ የጀልባ ጉዞ አዘጋጅ፣ ምግብ ቤት ነው። ሙቀቱን የሚያውቁት ጎብኚዎች ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ኮዳቸውን ውሃ ሞልተው፣ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ድንጋዮቹ ይወጣሉ።

ስፍራው ባዶ ሆኖ አያውቅም። የዩት ሕዝብ ይኖርበት በነበረ ምድር በ1855 የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን 41 ወንዶች ልካ ምሽግ አሠራች፤ በዚያው ዓመት ከዩቶች ጋር ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተና ሰፋሪዎቹ ጥለው ሄዱ። ነጮች እንደገና መጥተው በቋሚነት የሰፈሩት ከ1878 ወዲህ ነው።

ስሟ የወጣላት በ1880 ፖስታ ቤት ሲከፈት ነው ይባላል። ኦሪትን ለሚያውቅ አንባቢ ሞዓብ የሎጥ ዘር የሆነው፣ ከእስራኤል ጋር ሲጣላና ሲታረቅ የኖረው ሕዝብ አገር ነው። የዩታዋ ሞዓብ ነዋሪዎችም ይህን ያውቁ ነበርና ስሙ አልተዋጠላቸውም፤ 59 ሰዎች በ1890 ፈርመው ቪና ተብላ እንድትጠራ አመለከቱ። ኡቫዳሊያ ትባል ያሉም ነበሩ። አንዱም አልተሳካም። ፈራሚዎቹ የዳዊት ቅድመ አያት ሩት ሞዓባዊት እንደነበረች የዘነጉ ይመስላል። ከሁሉ በላይ የዘነጉት ግን ሙሴን ነው። ሙሴ 40 ዓመት ሕዝብ መርቶ፣ በሞዓብ ምድር ናባው ተራራ ላይ ወጥቶ፣ የተስፋይቱን ምድር ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ አይቶ፣ እግሩ ሳይረግጣት እዚያው አረፈ። አይቶ ለመመለስ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለሚመጣባት ከተማ ከዚህ የሚስማማ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ደሊኬት አርች የሚወስደው የእግር መንገድ ደርሶ መልስ 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መሐሉ ላይ ዛፍም ጥላም የሌለው አንድ ወጥ አለት ነው፤ መንገዱን የሚያመለክቱት በየርቀቱ የተከመሩ ትንንሽ ድንጋዮች ናቸው። መጨረሻው ላይ ገደሉን ተደግፎ በተጠረበ ጠባብ እርከን ይታለፋል፤ እርከኑ ሲያበቃ፣ እስከዚያ ድረስ ተሰውሮ የቆየው ቅስት ባንድ ጊዜ ፊት ለፊት ድቅን ይላል። ብዙ ሰው እዚያች ቦታ ላይ ንግግሩን ያቋርጣል። ትንሽ ቆይቶ ከቅስቱ ሥር ፎቶ ለመነሳት ሰልፍ ይይዛል።

በዚህ ምድር ውስጥ በሐሳብ ብዙ ሊቆዩበት የሚገባው ነገር የቅስቶቹ አሠራር ነው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የነበረ ባሕር ደጋግሞ እየደረቀ ወፍራም የጨው ንጣፍ ጥሎ ሄደ። በላዩ ላይ በሚሊዮን ዓመታት አሸዋና ደለል ተከመረ፤ አሸዋው ድንጋይ ሆነ። ጨው ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሸሻል። ከሥር ሲሸሽና ሲያብጥ ከላይ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ተሰነጠቀ፣ ስንጥቆቹ ጎን ለጎን የተሰለፉ ረጃጅም ግድግዳዎች ፈጠሩ። ከዚያ በኋላ ሥራው የውሃ ነው። የዝናብና የበረዶ ውሃ በድንጋዩ ቀዳዳዎች እየሰረገ የአሸዋውን ቅንጣቶች አጣብቆ የያዘውን ኖራማ ነገር ያሟሟል፤ በክረምት ይረጋና ይለጠጣል፣ ሽፋን ሽፋኑን ይልጣል። ግድግዳው ከሥሩ ይቦረቦራል፣ ይበሳል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። አርችስ ውስጥ በዚህ መንገድ የተሠሩ ከ2,000 በላይ ቅስቶች ተመዝግበዋል። በዓለም ላይ እንዲህ የበዙበት ሌላ ስፍራ የለም።

እንግዲህ ቅስቱን ውብ ያደረገው ከድንጋዩ ላይ የሄደው ነው። ደሊኬት አርችን ከግድግዳ ወደ ቅስት ያመጣው ሽርሸራ ነገ የሚጥለውም እሱ ነው፤ ሌላ ጠላት የለበትም። በፕላስቲክ ቢለበጥ ኖሮ ይከላከሉት የነበረው ከሠሪው ነበር።

በ2014 ፕራግ ከሚገኘው ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ይርዢ ብሩትሃንስ የመራው የጥናት ቡድን በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ጨመረ። በቤተ ሙከራ አነስተኛ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ክብደት እየጫኑ ውሃ ሲለቁበት፣ ጭነቱ ያረፈበት ክፍል ቅንጣቶቹ ተጨባብጠው ስለሚቆላለፉ ውሃው ሊያጥባቸው አልቻለም። ጭነት የሌለበት ክፍል ግን ታጥቦ ሄደ። ዓምዱንና ቅስቱን የሚያወጣው ይህ ነው፤ የሚሸከመው ይቀራል፣ የማይሸከመው ይራገፋል። ክብደት ይጥለዋል ተብሎ የሚፈራው ቅስት እስከዛሬ የቆመው በገዛ ክብደቱ ነው። የበረሃ አባቶች መከራን እንደ ማጽኛ ማየታቸውን የሚያውቅ ሰው ይህን የቤተ ሙከራ ውጤት ሲያነብ ብዙ ሐሳብ ቢመጣበት አይፈረድበትም። ነገር ግን ድንጋይን ሰባኪ ማድረግ አያስፈልግም፤ ድንጋዩ ለማንም ትምህርት ሊሰጥ ብሎ የሚያደርገው ነገር የለም። ዋናው ነገር ጭነቱ እያጸናም ቢሆን መጨረሻውን አለማስቀረቱ ነው።

መውደቁስ ምን ይመስላል? በመስከረም 1 ቀን 1991 ላንድስኬፕ አርች ሥር ሰዎች ተቀምጠው ያርፉ ነበር። ይህ ቅስት ከ88 ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ ሥሥ የሆነው ቦታው ውፍረቱ ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ በሰሜን አሜሪካ ረጅሙ ነው። ከላይ የመሰንጠቅ ድምፅ ሰምተው ሸሹ። ከሥሡ ክፍል 18 ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገንጥሎ ወረደ፤ ሲወርድ አንድ ጎብኚ በቪዲዮ ቀረጸው። ቅስቱ ግን አልወደቀም፣ ይበልጥ ቀጠነ እንጂ። በቀጣዮቹ ዓመታት ተጨማሪ ድንጋይ ስለወረደ ከሥሩ የሚያልፈው መንገድ ተዘጋ፤ ዛሬ ሰው የሚያየው ራቅ ብሎ ነው። በነሐሴ 2008 ደግሞ ዎል አርች የተባለው፣ ከ21 ሜትር በላይ ስፋት የነበረው፣ በፓርኩ በትልቅነት አሥራ ሁለተኛ የሆነው ቅስት አንድ ሌሊት ተደረመሰ። ምሽት ላይ ቆሞ ያዩት ሰዎች ነበሩ፤ ጠዋት የመጡት ያገኙት የድንጋይ ክምር ነው። ሲወድቅ ያየ የለም። የተጠየቀም፣ የተወቀሰም፣ የተባረረም ባለሥልጣን አልነበረም። ፓርኩ መንገዱን ለጊዜው ዘጋ፣ እስኪረጋጋ ጠበቀ፣ ከዚያ ከፈተ።

በዚህ ላይ የሚነሳው መቃወሚያ ቀላል አይደለም። ቅስቱ መውደቁ ካልቀረና መውደቁም ተገቢ ከሆነ ጥበቃው ለምን? ሰው ስሙን በቢላ ቢፈለፍልበት፣ ገፍቶ ቢጥለውስ፣ እሱ ከተፈጥሮ ውጭ ነው ወይ?

ክርክሩ በቃል ብቻ አልቀረም። በጥቅምት 2013፣ ከሞዓብ በስተምዕራብ በሚገኘው ጎብሊን ቫሊ የሚባል የዩታ ግዛት ፓርክ ውስጥ፣ ልጆች ይዘው የመጡ የስካውት መሪዎች በቀጭን አንገት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ አዩ። አንደኛው ገፋው፣ ሌላኛው ቀረጸው፤ ድንጋዩ ተንከባለለ፣ እነሱም ደስ አላቸው። ቪዲዮው በዓለም ዙሪያ ሲታይ የሰጡት ምክንያት ድንጋዩ ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችል ስለነበር አደጋ አስወገድን የሚል ነበር። ተከሰሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ጥፋተኝነታቸውን አምነው በገደብና በገንዘብ ተቀጡ።

በየትኛውም መለኪያ ድንጋዩ አንድ ቀን ይወድቅ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌ መሞቱ አይቀርም ተብሎ አንገቱን ያነቀ ሰው በየትኛውም አገር ሸንጎ ፊት ነጻ አይወጣም። ሟች መሆን ለገዳይ ፈቃድ አይሰጥም። እንዲያውም ነገሩ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። አንድ ነገር ዘላለማዊ ቢሆን ኖሮ የሰው እጅ ምንም ባላደረገው ነበር፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የሚሰበር ስለሆነ ነው። ስለዚህ የቅስቱ አላፊነት ጥበቃውን ከንቱ አያደርገውም፤ የጥበቃውን ዓይነት ይወስናል። ቅስቱ እንዳይወድቅ ማድረግ የማንም ግዴታ አይደለም፤ ሰው የውድቀቱ ምክንያት እንዳይሆን ማድረግ ግን ግዴታ ነው። በ1916 የወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ስፍራዎቹ ሳይጎዱ ለመጪው ትውልድ እንዲተላለፉ ያዛል። ያለ ጉዳት ማስተላለፍ ማለት ባለበት ማቆየት ማለት ቢሆን ኖሮ ፕላስቲኩ ትክክል ይሆን ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። በ2008፣ ዎል አርች በወደቀበት በዚያው ዓመት፣ በላሊበላ ከአለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ዝናብና ፀሐይ በጎዷቸው ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩ የብረት መጠለያዎች ተተክለው አለቁ። መጠለያዎቹ ዝናቡን ከለከሉ፤ ነዋሪው ግን ክብደታቸው አለቱን ይጎዳል፣ በነፋስ ቢወድቁ አብያተ ክርስቲያናቱን ይዘው ይሄዳሉ ብሎ ሲጮህ ኖሯል። ጥያቄው ከሩቅ ሲታይ የደሊኬት አርች ጥያቄ ነው፤ ውሃ የሚበላው ውድ ድንጋይ ይከለል ወይስ አይከለል?

ግን አንድ አይደለም። በላሊበላው ቤተ መድኃኔዓለም ውስጥ ይቀደሳል። ካህን በሌሊት ይገባል፣ ምእመን ግድግዳውን ይሳለማል፣ ሕፃን ክርስትና ይነሳል። ያ ድንጋይ በሰው እጅ ለአንድ ዓላማ ተፈልፍሏል፣ ዓላማውም አላበቃም። ቤት የሚኖርበት ሰው እስካለ ድረስ ጣሪያው ይጠገናል፤ በላሊበላ ክርክሩ እንዴት ይጠገን በሚለው ላይ እንጂ ይጠገን አይጠገን በሚለው ላይ አይደለም። ደሊኬት አርችን ግን ማንም ለማንም አልሠራውም። ለጸሎት ቤትነት አልተቀደሰም፣ ከሥሩም የሚኖር የለም። አማኝ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ቢል ልክ ነው፤ እንግዲያው ለሠሪው መተው ነው። የሰው እጅ የሠራውን ሰው መጠገን አለበት የሚለው ሚዛን ሁለቱንም ስፍራ በየመልኩ ይገልጻል።

ሚዛኑ በሞዓብ ሌላ፣ ደስ የማይል ማስረጃ አለው። በ1952 ቻርሊ ስቲን የሚባል ማዕድን ፈላጊ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ዳጎስ ያለ የዩራኒየም ክምችት አገኘ፤ ሞዓብ በጥቂት ዓመታት ሰው የሚጎርፍባት የማዕድን ከተማ ሆነች። በ1956 የተከፈተው የማዕድን ማጣሪያ ፋብሪካ በ1984 ሲዘጋ ኮሎራዶ ወንዝ ዳር 16 ሚሊዮን ቶን ጨረር አመንጪ ዝቃጭ ጥሎ ሄደ። ከ2009 ጀምሮ መንግሥት ያንን ክምር በባቡር እያስጫነ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ክሬሰንት ጀንክሽን ወደሚባል ስፍራ ወስዶ ማስቀበር ያዘ። ሕጉ መቃብሩ እስከ 1,000 ዓመት፣ ቢያንስ ደግሞ 200 ዓመት እንዲጸና ይጠይቃል። በዝቃጩ ውስጥ ካሉት አንዱ የሆነው ሬዲየም ግማሹ ለመክሰም 1,600 ዓመት ይፈጃል። እዚህ ላይ መውደቁን መፍቀድ፣ ለጊዜ መተው የሚባል ጥበብ የለም። ለሰው ጥቅም ከመሬት የወጣ ነገር ነውና የሰው ልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጁም ሊጠብቀው ይገደዳል። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ አንደኛው እጅን ይሰበስባል፣ ሌላኛው እጅን አያነሳም።

እጅን መሰብሰብ ቀላል ይመስላል፤ ያለ ምልክት አልፎ መሄድ ለሰው ልጅ ከባድ ነው። የቅስቶቹ ግድግዳ ላይ ስምና ቀን የሚፈለፍል ጎብኚ አይጠፋም። አንዳንዱ ከዚያም ይከፋል፤ በ2021 ከከተማው አጠገብ ባለ፣ የጥንት ሰዎች ሥዕል በቀረጹበት ቋጥኝ ላይ ዘረኛ ቃላት ተጽፈው ተገኙ። ታዲያ በደሊኬት አርች መንገድ መነሻ አካባቢ ዩቶች የቀረጿቸው ፈረሰኞችና የበረሃ በጎች አሉ፤ ፈረስ ወደ አካባቢው ከገባ በኋላ፣ ከ1650 እስከ 1850 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ሰው በአክብሮት ቆሞ ያያቸዋል። እነዚህስ ምልክት መተው አይደሉም? ናቸው። ዕድሜያቸው ብቻ አላስከበራቸውም። የቀረጹት ሰዎች እዚያ ይኖሩ፣ ያድኑ፣ ይሞቱ ነበር፤ ለወገናቸው የሚሆን ነገር አኖሩ። ለሁለት ሰዓት መጥቶ ስሙን የሚቆፍር ሰው የሚለው ግን እዚህ ነበርኩ ብቻ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ቅስቱን ሲፈልግ የእሱን ስም ያነባል።

በረሃን አጥብቀው የወደዱ ሰዎች በዚህ ረገድ ያደረጉት አንድ ነገር አለ። የሙሴን መቃብር እስከዛሬ የሚያውቀው የለም ይላል ኦሪት። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ በግብጽ በረሃ አርጅቶ ሊያርፍ ሲል አብረውት የነበሩትን ሁለት ደቀ መዛሙርት ቦታውን ለማንም እንዳይናገሩ አዝዞ በስውር እንዲቀብሩት ማድረጉን ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፏል። በ1956 እና በ1957 የበጋ ወራት በአርችስ ተቀጥሮ የፓርክ ጠባቂ የነበረው ኤድዋርድ አቢም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ባይሆንም፣ በ1989 ሲሞት ጓደኞቹ በአሪዞና በረሃ ቀብረውት ቦታውን ሰውረዋል። ሦስቱ የኖሩት በጣም በተራራቀ ዘመንና እምነት ነው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማመሳሰል ልክ አይሆንም። ሆኖም በረሃ ውስጥ ብዙ የኖረ ሰው ስሙን ድንጋይ ላይ የማኖር ጉጉቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ያመለክታሉ።

አቢ በ1968 ያሳተመው ስለዚያ ቆይታው የሚያወራ መጽሐፍ በአሜሪካ የበረሃ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ስም አለው። አጥብቆ የተቃወመው የአስፋልት መንገድና መኪና ወደ ፓርኮቹ መግባታቸውን ነበር። መንገዱ ተሠራ፣ መኪናውም መጣ፤ መጽሐፉን አንብበው የመጡትም ብዙ ናቸው። በ2011 አንድ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአርችስ ዓመታዊ ጎብኚ በ2021 ከ1.8 ሚሊዮን አለፈ። የመኪና ማቆሚያው ሲሞላ በሩ በተደጋጋሚ ይዘጋ ስለነበር ፓርኩ በ2022 ሰው አስቀድሞ ሰዓት ይዞ እንዲገባ የሚያደርግ አሠራር ጀመረ። በከተማው ይህ ያከራከረ ጉዳይ ነው፤ የዩራኒየሙ ግርግር ካለቀ ወዲህ ሞዓብ የምትበላው ከእንግዳ ነውና። የሞቴል ባለቤቱም ስጋት የዋዛ አይደለም። ፀጥታ ፍለጋ የመጣው ሰው ደግሞ ፀጥታውን ከሚያጠፉት አንዱ መሆኑን ሰልፉ ውስጥ ቆሞ ሳያስበው አይቀርም።

የእግር ዱካ የሚያደርሰውን ለማየት ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ማለት ይበቃል። ከአሸዋው ላይ ጠቆር ያለ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቅ ያሉ ጉብታዎች ያሉት ቅርፊት ይታያል። የሞተ አፈር ይመስላል፤ ግን ሕያው ነው። ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ዝናብ ሲነካቸው በአሸዋው ውስጥ እየተሳቡ የሚያጣብቅ ክር ይተዋሉ፤ ክሩ ቅንጣቶቹን አስሮ አሸዋውን ከነፋስ ይይዛል፣ ውሃ ያስቀራል፣ ለዕፅዋቱም ናይትሮጅን ያዘጋጃል። ጄይን ቤልናፕ የተባሉ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ሳይንቲስት ሞዓብ ተቀምጠው ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት ይህን ነው። ክሩ ደረቅ ሲሆን በአንድ ጫማ ይሰበራል። ተመልሶ ለመዳን አሥርተ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ይወስድበታል። ቅስቱን ማንም በጫማው አይጥለውም። ከሥሩ ያለውን ምድር ግን ለተሻለ ፎቶ ሁለት እርምጃ ከመንገድ የወጣ፣ ክፋት ያላሰበ ሰው ለልጁ ዕድሜ ያህል ሊያቆስለው ይችላል። የፓርኩ ጠባቂዎች ከሁሉ አብልጠው የሚለምኑት በአለቱና በተቀየሰው መንገድ ላይ ብቻ እንዲረገጥ የሆነው ለዚህ ነው።

የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጄፍሪ ሙር መሪነት ሌላ ነገር ያደርጋሉ። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚለካ መሣሪያ በጥንቃቄ ቅስቱ ላይ ወይም አጠገቡ ያስቀምጡና ንዝረቱን ይቀዳሉ። ቅስቶቹ ዝም ብለው የቆሙ ይመስላሉ እንጂ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣሉ፤ ነፋስ፣ የሩቅ ምድር ንቅናቄ፣ የፀሐይ ሙቀት ይነካቸዋል። ድምፁ ለሰው ጆሮ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀረጻው ሲፈጥን ብቻ ነው የሚሰማው። የንዝረቱ መለወጥ በውስጥ ስንጥቅ እየሰፋ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። ይህ ሥራ ቅስቱን አንድ ቀን እንኳ አያቆየውም። ከሥሩ ያለውን ሰው ያድን ይሆናል፤ ከዚህም ሌላ፣ ሊድን የማይችለውን ነገር በትኩረት አብሮት ሆኖ መከታተል ራሱን የቻለ ክብር እንደሆነ ያሳያል። አስታማሚ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

የመጨረሻው መቃወሚያ የወላጅ ነው። እኔ አይቼዋለሁ፣ ልጄ ግን ላያየው ነው ይላል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ዎል አርችን በ2009 ሊያይ የመጣ ሰው አላየውም፣ ምትክም የለውም፤ ሌሎች 2,000 አሉ ማለት ማጽናኛ አይሆንም። ነገር ግን በረሃው ሥራውን አላቆመም። በፓርኩ መዝገብ አንድ ቀዳዳ ቅስት ለመባል ቢያንስ በአንድ አቅጣጫ 3 ጫማ፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር መክፈት አለበት። በእነዚያ ግድግዳዎች ላይ ዝናቡ እየበላቸው ያሉ፣ ከዚህ መጠን ያልደረሱ ቀዳዳዎች ብዙ ናቸው። መንገደኛው ትልቁን ቅስት ለማየት ሲቸኩል አጠገባቸው ያልፋል፤ ስም አልወጣላቸውም፣ ገና መለኪያውን ስላልሞሉም መዝገብ ውስጥ አልገቡም።